ከጓዳው መጋረጃ የታየ የመጀመሪያ ትዕይንት

እሑድ ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ዳባት ወደሚገኘው የአባቴ ግቢ ገቡ። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው በየደቂቃው የእጅ ሰዓቴን እመለከት ስለነበር ነው። ወደ ደባርቅ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ይነሣል። ሻንጣዬ ተዘግቶ ከጓዳው በር ሥር ቆሟል። በማግስቱ ጠዋት ደባርቅ ውስጥ የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይጠብቁኛል። ሚኒባሱ ያን ቀን ያለ እኔ ሄደ።

ስለዚያ ከሰዓት በኋላ በትክክል ለመናገር፣ አስቀድሜ ስለ አስፈሪ ፊልሞች አጀማመር ጥቂት ማለት አለብኝ። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚህ ርእስ ላይ ነበር። አማካሪዬ ርእሱን ሲያነቡ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «የመሪጌታ ልጅ አጋንንት ልትስብ!» ብለው ሳቁ።

«አጋንንቱ ከመምጣታቸው በፊት ያለውን ብቻ ነው የማጠናው» ብዬ መለስሁላቸው።

«እሱማ ይብሳል» አሉ።

አልተሳሳቱም። ፊልሞቹን ከመጀመሪያቸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ እያየሁ፣ መልሼ ደግሞ ከመጀመሪያቸው እጀምር ነበር። መጨረሻቸውን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው አሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደርስም። አንድ ቤት አለ፤ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ካሜራው ግን መሄድ ከሚገባው ጊዜ በላይ እዚያው ይቆያል። ተመልካቹ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን አሳየኝ?» ብሎ መጠርጠር የሚጀምረው በዚህ መቆየት ነው። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ከቦታው ይዛባል፦ ሁልጊዜ የሚሰማ ድምፅ ይጠፋል፣ ተዘግቶ የሚውል በር ገርበብ ብሎ ይታያል። የቤቱ ሰዎች ልብ አይሉትም፤ እኛ እንላለን። ጭንቀቱን የሚሠራው ይህ ልዩነት ነው ብዬ ጻፍሁ። የሚመጣውን የምናውቀው እኛ ነን፤ በሩን የሚከፍተው ግን በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ ልንነግረውም አንችልም።

ጽሑፉ ጥሩ ውጤት አገኘ። ያልገባኝን ግን ያስተማረኝ ደባርቅ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ነው። ክፍሌ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ፊልም በጆሮዬ ብቻ እከታተል ነበር። ተመልካቾቹ ገሚሶቹ ሊማሊሞን ለመውረድ ማለዳን የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች ነበሩ። ፊልሙ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ በምትሄድ መኪና ከጀመረ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ሊማሊሞ!» ብለው ይጮኹና ሳቅ ይሆናል።

«ይቺማ የልጅ መንገድ ናት» ይላል አንዱ። «በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚወርዳት።»

«ዳገቷን እኔ ልንዳለት በለው!»

የውጭ አገር ሰው የሚፈራው ገደልና ጭጋግ እነርሱ በየሳምንቱ የሚወርዱበት ነው፤ አያስፈራቸውም። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ያለችው መኪና ሞተር አንድ ጊዜ ሳል ሳል ካለ፣ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል። ደብተሬን አስቀምጬ ያን ጸጥታ አዳምጥ ነበር። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ሳይሆን ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር ያለ ወትሮው ድምፅ ሲያሰማ መሆኑን የነገሩኝ እነዚያ ሹፌሮች ናቸው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊልሙ እንደ ጀመረ በሩን ከውጭ ይቀረቅራል። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ መጀመሪያው ላይ ፈርቶ የሚወጣ አለ» አለኝ። «ወጥቶ ዝም ቢል ጥሩ። በር ላይ ቆሞ ለሌላው ያወራል።»

«ታዲያ ሰው ከታመመስ?»

«መጀመሪያውን ከቻለ መጨረሻው አይገድለውም። እስካሁን የሞተብኝ የለም፣ እመቤቴ ትመስገን።»

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው፣ ያን እሑድ ከማንም ይልቅ ልዘጋጅ የሚገባኝ እኔ እንደ ነበርሁ ለማስረዳት ነው። ምልክቶቹ የጀመሩት ከጥምቀት ዕለት፣ ከሐሙስ ነበር። ቅዳሜ እንድመለስ አስቤ ሳለ እናቴ፣ «እሑድን ዋይልኝ፤ ምን ያጣድፍሻል» አለችኝ፤ ከዚያ በፊት ስለ መሄዴ ተናግራ አታውቅም። ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤት አንድ አግዳሚ ወንበር ተውሳ አስገባች። ለማን እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ «እንግዳ አይጠፋም» አለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመንገድ ልብሴን ስለብስ፣ ነጩን ቀሚሴን ይዛ መጣችና፣ «ይህን ልበሺ፤ ሚኒባስ ውስጥ ማን ያይሻል ብለሽ ነው ያን የለበስሽው?» አለችኝ። በዚህ አባባል ውስጥ ያለው ምክንያት ለእኔ ግልጽ አልነበረም፤ ሆኖም ለበስሁት።

ከሁሉም በላይ ግን በሩ ነበር። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ዝጎ፣ በተከፈተ ቁጥር ሰፈሩ እስኪሰማ ሲጢጥ ይላል። አባቴ ዘይት እንዳይቀባ ከልክለዋል፤ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ከመደባቸው ሳይነሡ የሚያውቁት በእርሱ ነው። ያን እሑድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በድንጋይ ተደግፎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አይቼዋለሁ። ያልተለመደ መሆኑንም ልብ ብያለሁ። ከአግዳሚው፣ ከቀሚሱና ከእናቴ ልመና ጋር ግን አላገናኘሁትም። በማዕድ ዙሪያ እንደ ተቀመጡት የፊልም ሰዎች፣ በራሴ ቤት ውስጥ ነበርሁ።

አባቴ ደግሞ የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። ከክረምቱ በፊት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ ምክንያት ተጣልተዋል። ዛፎቹ የቆሙት በሁለቱ ይዞታ ድንበር ላይ ነው። ወንድማቸው እዚያው ደብር አብረዋቸው የሚያገለግሉ መዘምር ናቸው። በጥምቀት ዕለት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ወንድማማቾቹ ትይዩ ደረሳቸው። አንድ ዜማ እያዜሙ፣ በአንድ ምት መቋሚያቸውን እየነቀነቁ፣ አንዳቸው ሌላቸውን ሳያዩ ዋሉ። ከተማው በሙሉ ይህን አየ። ከዚያ ዕለት ወዲህ አባቴ እህል በአግባቡ አልቀመሱም። ራሳቸው ሄደው እንዳይታረቁ ታላቅነታቸው ያዛቸው፤ አስታራቂ ሽማግሌ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ያለ ምንም ድምፅ ገብተው በሳሎኑ ደፍ ላይ ታዩ። እኔና እናቴ ጓዳ ውስጥ ነበርን። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው የጨርቅ መጋረጃ አንድ ወገኑ ስለማይገጥም ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት የሚታየኝ የአባቴ ግማሽ ፊት፣ ባዶው አግዳሚ ወንበርና ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት የአባቴ የነፍስ አባት በጨርቅ የጠቀለሉት መስቀል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ ሰፈራችን ውስጥ የሚኖሩ፣ በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው።

ሦስተኛውን ሰው ለማየት አንገቴን አዘነበልሁ። አወቅሁት። በጥምቀት ዕለት እናቴን ሰላም ብሎ፣ እኔን ደግሞ የት እንደማስተምር ጠይቆኝ ነበር። መልሴን ሲሰማም እኔን ሳይሆን እናቴን እያየ ራሱን ነቅንቋል። ወደ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ለሚነግድ አንድ ሰው አጎቱ ነው። ነጋዴውን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ገና ለሚያገባት ሚስት የሚሆን ቤት እዚያው ቆላ እንደ ሠራ በከተማው ይወራ ነበር። አባቴ ግን አጎቱን አያውቁትም።

ያን ጊዜ አግዳሚው፣ ቀሚሱና በሩ በአንድነት ተገጣጠሙልኝ። የመጡት ለእርቅ አልነበረም። የመጡት ለእኔ ነበር። ለመናገር አፌን ስከፍት እናቴ የእጄን አንጓ ያዘች።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ።

«አንቀመጥም፣ መሪጌታ» አሉ ጨዋታ አዋቂው ሽማግሌ። «አንድ ልመና ይዘን መጥተናል። እሺ ካላሉን ቆመን እናመሻለን።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበታችንን አይናቁብን፤ እርስዎ ማኅሌት ሲቆሙ እኛ ገበያ ቆመን ነው ያረጀነው።»

አባቴ ሳቁ። ካየሁት ብዙ ቀን የሆነኝን ሳቅ በዚያ ግማሽ ፊት ላይ አየሁት። እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት የሚገባኝ ነገር አለ። ሽማግሌ ለእርቅም ይምጣ ለጋብቻ ቆሞ ይለምናል። ለእርቅ የመጣ እንደ ሆነ፣ የተበደለው ሰው ነገሩን ሳይሰማ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ እሺ» ቢል ትልቅነቱ ነው፤ ይመሰገንበታል። ለጋብቻ የመጣ እንደ ሆነ ግን አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ከዘመድ ልምከር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ያመላልሳል። አባቴ ሁለቱንም ወግ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። የተሳሳቱት የትኛው ወግ ቤታቸው እንደ ገባ ብቻ ነው።

«የመጣችሁበት አይጠፋኝም» አሉ። «እኔም ስጠብቃችሁ ነው የከረምሁ። ክርክር የለኝም፤ ሳልሰማችሁ እሺ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቁም። የነፍስ አባታችን መስቀሉን ከጨርቁ ሲፈቱ በክፍተቱ ውስጥ ጣቶቻቸው ይታዩኛል፤ ጨርቁ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ስለ ነበር መፍታቱ ረዘመ። ካሜራው እዚያ ላይ ቆየ ብል ቃሉን ከትምህርቴ የተዋስሁት ይመስላል፤ ነገር ግን ለዚያ ጊዜ ሌላ ቃል የለኝም። ልጮህ እችል ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ከጓዳ ብትወጣ አባቷን ታዋርዳለች፤ የተናገረችው ትክክል ቢሆን እንኳ የሚወራው መውጣቷ ነው። የእናቴ እጅ አንጓዬ ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሹፌሮቹ፣ «አትክፈተው! አትክፈተው!» እያሉ ሲጮኹ የምሰማው ድምፅ ትዝ አለኝ። እነርሱ መጮህ ይችሉ የነበረው በስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ስለማይሰማቸው ነው። አባቴ ግን ይሰሙኝ ነበር።

«እንግዲያስ በዚህ ይጽኑልን» አሉ ቄሱ። አባቴ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

«ልጅዎን ለልጃችን ሰጥተውናልና እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ የነጋዴው አጎት።

የአባቴ ግማሽ ፊት አልተለወጠም። እጃቸው ብቻ ወደ ጺማቸው ሄዶ እዚያ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ፤ እንዳየኋቸው አወቁ።

ጨዋታ አዋቂው ሽማግሌ ምንም ልብ አላሉም። «እኔ በዚህ ሥራ ጫማ ጨርሻለሁ» ይላሉ እየሳቁ። «ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ውሻ አባርሮኝ ነው እሺ የማገኘው። ዛሬ ገና ሳልቀመጥ! ምነው መሪጌታ፣ ያቺን ጊደርዎንም አብሬ በለመንሁ ኖሮ!»

ቄሱም ሳቁ። የነጋዴው አጎት ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢሆን መልካም እንደሆነ፣ ልጁም ሚስቱን ይዞ ወደ ቆላ ለመውረድ እንደሚቸኩል አስረዳ። ማስተማሬን በተመለከተ፣ «እሱማ ምን ያደርግላታል» አለ። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው የትልቅ ሰው ደስታ ተደርጎ ተቆጠረላቸው።

«ታውቂ ነበር፣ እምዬ?» አልኋት እናቴን በሹክሹክታ።

እጄን ለቀቀችው። «እንደሚመጡ አውቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ! ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ እስከዚያ ካንቺ ጋር እመካከራለሁ ብዬ ነው እንጂ…» አለች። ገርበብ ብቻ ልታደርገው ያሰበችው በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶባት፣ እርስዋም ከእኔ ጋር እዚያው ጓዳ ውስጥ ተዘግታ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። አባቴ ወደ ጓዳው መጡና ከሻንጣዬ አጠገብ ቆሙ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አባባ።»

«ስለ ወንድሜ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ሦስተኛውን ሰው በጥምቀት ዕለት አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሽማግሌ ቆሞ ሴት ልጅ ከጓዳ ትወጣለች?»

«አትወጣም» አሉ። ከዚያ፣ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፦ «ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልገውም፣ አባባ። ከእርሱ ጋር አንድ ቃል ተነጋግሬ አላውቅም። ሥራዬንም መተው አልፈልግም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። መስቀል ላይ የተሰጠ ቃል እንዴት እንደሚመለስ እኔ አላውቅም ነበር፤ እርሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ያን ምሽት ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ ኩራዙ፣ መደቡ፣ ገና ወደ ጎረቤት ያልተመለሰው አግዳሚ። ነገር ግን ወደየትኛውም ብዞር ግድግዳ ያለ ይመስለኝ ነበር። እሺ ብል እኔ ወደ ቆላ እወርዳለሁ። እምቢ ብል አባቴ ቃላቸውን ያጠፉ መሪጌታ ይሆናሉ። በመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያው ትዕይንት ተግባር መውጫዎቹን አንድ በአንድ መዝጋት ነው ብዬ ነበር። ሲዘጉ ከውስጥ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል አልጻፍሁም፤ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ አባቴ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸው ግን ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። እናቴንና እኔን ጠርተው፣ ድርሰት እንደሚያስጠኑ ሁሉ ቃል በቃል ነገሩን።

«መጀመሪያ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ። ሽማግሌ አልጠብቅም። የባሕር ዛፉን እለቅለታለሁ። እሺ ያልሁት ለዚህ ነበር፤ ይህን እፈጽማለሁ። ከዚያ ወደ ነፍስ አባቴ እሄዳለሁ። የልጄን ነገር አፈርሳለሁ፤ ቀኖናዬንም እቀበላለሁ። ቀኖናዬን እስክፈጽም ማኅሌት አልቆምም።»

«ሰው ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ቃሉን በላ ይላል። እውነት ነው፣ በልቻለሁ።»

«ልጅቱ እምቢ አለች ቢሏቸው ይሻላል፣ አባባ» አልኋቸው። «እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«አይሆንም። ለሽማግሌዎቹ ራሴ ነው የምነግራቸው። ሳልሰማ እሺ ያልሁት እኔ እንጂ ልጄ አይደለችም። ስምሽ በዚህ ነገር ውስጥ አይነሣም። አንቺ ወደ ተማሪዎችሽ ሂጂ።»

ልከራከራቸው ፈልጌ ነበር። መቋሚያው ከተሰቀለበት ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ የእኔ መውጫ የተከፈተው የእርሳቸው ተዘግቶ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ነገር ግን ተወስኗል። ሻንጣዬን አነሣሁ። አባቴ ቀድመውን ወጡና የግቢው በር ዘንድ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይህን ድንጋይ አንሺው» አሉ። «ከእንግዲህ የሚመጣ ሰው እየተሰማ ይምጣ።»